የሸሪፋ ቀኝ ጉንጭ

የዛሬን አያድርገውና፣ ደሴ ሆጤ ውስጥ ልጇን ልትድር ያሰበች እናት ወይባ ወደሚታጠንበት ቤት ስትመጣ አስቀድማ የምታየው ጉድጓዱን አልነበረም፤ እንጨቱንም አልነበረም። የምታየው የአጣኟን ፊት ነው። ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ደጃፉን ስትሞላው ትመጣና ሰላምታ ሰጥታ ውጭ ትቆማለች። «እስቲ ወጣ በይ የኔ እመቤት» ትላለች። አጣኟ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትወጣለች። እናትየው አገጯን ይዛ ወደ ብርሃኑ ታዞራትና ግንባሯን፣ የዓይኗን ጥግ፣ የከንፈሯን ዳር ታያለች። ደስ ካላት ገብታ ትቀመጣለች፤ ቀን ይቆረጣል። ደስ ካላላት ውሃ ጠይቃ ትጠጣና «በሌላ ቀን እመለሳለሁ» ብላ ትሄዳለች። ያ ሌላ ቀን መጥቶ አያውቅም።

ሸሪፋ በዚያ ደጃፍ ላይ መቆም የጀመረችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያን ጊዜ እናቶች አገጯን ይዘው ብዙ አይቆዩም ነበር። እስላሞቹ «ማሻ አሏህ»፣ ክርስቲያኖቹ «እሰይ» ብለው ይገቡ ነበር፤ ወይባው ላይ ሁሉም አንድ ነበሩ።

የተወለደችው ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ በደጋን በኩል ነው። እናትና አባቷን በአንድ ክረምት ወባ ወሰደባት። አክስቷ ረሂማ ከደሴ ወርዳ፣ ያለቀሰችውን አልቅሳ፣ የአራት ዓመቷን ልጅ በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን አወጣቻት። ረሂማ ባልም ልጅም አልነበራትም። የነበራት ሆጤ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ቤት፣ በቤቱ ጥግ ደግሞ ከእናቷ የወረሰችው አንድ የወይባ ጉድጓድ ነበር።

ጉድጓዱ የጉልበት ያህል ይጠልቃል፤ ውስጡ በጭቃ ተለስኗል። ፍሙ ከታች ይሆናል፤ የተፈለጠው የወይባ እንጨት ከላይ። ሙሽራይቱ ገላዋን በሙሉ ቅቤ ተቀብታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ከአንገቷ በታች በቡሉኮ ትሸፈናለች። ጢሱ ገላዋን እንጂ ፊቷን አያገኘውም። ፊቷ ጨው ያልነካው ቅቤ ይቀባና እርጥብ ጨርቅ ይደረግበታል፤ ጨርቁ በደረቀ ቁጥር እንደገና ይነከራል። እንዲህ ሰባት ቀን ትሞቃለች። ገላዋ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ የላይኛው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣና ከሥሩ አዲሱ ይወጣል። እስከ ሠርጓ ድረስ ፀሐይ አታይም። ሙሽራ ናትና ፊቷ ይጠበቅላታል።

የአጣኟን ፊት ግን የሚጠብቅ አልነበረም። ወይባ መጤስ እንጂ መንደድ የለበትም። ነበልባል ካበጀ ጢሱ ያልቃል፤ ከጠፋም ያልቃል። ስለዚህ አጣኟ በግድግዳውና በጉድጓዱ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ተንበርክካ፣ ግራ ትከሻዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ቀኝ ጉንጯን ወደ እሳቱ አፍ አቅርባ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ቀስ እያለች ትነፋለች። ሸሪፋ ይህን መንፋት የጀመረችው በስምንት ዓመቷ ነው። ረሂማ «ሳንባሽ የልጅ ነው፣ ንፊ» ትላት ነበር።

ጀላል የሚባል በበቅሎ ጭነት የሚነግድ ሰው አገባት። ጥሩ ሰው ነበር፤ ሳቁ ከቤት ውጭ ይሰማል። የወይባውን እንጨት ከቆላ የሚያመጣላት እሱ ነበር። ደሴ ከአውሮፕላን በተደበደበች ቀን ጭነቱን ይዞ ወደ ከተማ ሲገባ ተመታ። በቅሎዋ አልሞተችም፤ እንጨቱን እንደተጫነች ብቻዋን ከደጃፉ መጥታ ቆመች። ከዚያ ቀን በኋላ ሸሪፋ እንጨቷን ራሷ ቆላ ወርዳ ታመጣ ጀመር። በቅሎዋን ከዓመት በኋላ ጣሊያኖች ወሰዱባት፤ የቀራት የራሷ ጀርባ ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ ወርዶ፣ ሸክም ይዞ፣ ያን የጣሊያን መንገድ ከነአቧራው፣ ከነካሚዮኑ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታ መውጣት ነው። ሁለት ዓመት ወጣችው።

የጀላል እህት ከሪማ ሐዘን ላይ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ሳትነሣ ነበር የተናገረችው። «ወንድሜን የገደለው ጣሊያን አይደለም፤ የዚች ሴት እንጨት ነው» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ከሪማም ይህን ንግግሯን ሳታነሣ አንድ ወር አላሳለፈችም።

እንግዲህ ጣሊያን ደሴ በገባ በሦስተኛው ዓመት፣ ሥርጉት የምትባል የመሪጌታ ሚስት ሦስተኛ ልጇን ልታሳጥን መጣች። ሁለቱን ታላላቆች ሸሪፋ ነበረች ያጠነቻቸው፤ ስለዚህ መታየቱ ለወጉ ያህል ነበር። ሥርጉት አገጯን ያዘች። ያዘችና ቆየች።

«ሸሪፋ፣ ዕድሜሽ ስንት ሆነ?»

«ሠላሳ አልሞላኝም እቴ።»

ሥርጉት አገጯን ለቀቀችና ወደ መንገዱ አየች። «እስቲ ውሃ አጠጪኝ» አለች።

ውሃውን ጠጥታ ሄደች። ሸሪፋ ጣሳውን እንደያዘች ገብታ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የመስታወት ስባሪዋን አወጣች። ከዓይኗ ጥግ ወደ ጆሮዋ የሄዱ ሦስት መስመሮች አየች፤ ከአፍንጫዋ ወደ ከንፈሯ የወረደ አንድ ደግሞ ነበር። ስባሪው ትንሽ ስለሆነ ፊቷን በአንድ ጊዜ አያሳይም። ያየችው ቀኙን ነበር፤ እሱ በቃት፤ መልሳ ስንጥቁ ውስጥ አስገባችው።

በሳምንቱ፣ ዛሬ ቧንቧ ውሃ ከሚሉት ሠፈር፣ ውሃ ልትቀዳ ብትሄድ ከሪማን አገኘቻት። ከሪማ ኮምቦልቻ ላይ ለአንዲት ጣሊያናዊት ልብስ ታጥብ ነበር። ከዚያች ሴት ቤት በቆርቆሮ የታሸገ ነጭ ቅባት ታመጣና በደሴ ሴቶች መሐል ትሸጣለች። ራሷም ትቀባዋለች፤ ፊቷ ከአንገቷ ጋር ዝምድና አልነበረውም። በጠራራው ጃንጥላ ይዛ ቆማለች።

«እንዴት ነሽ፣ የወንድሜ ሚስት» አለች።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ሥርጉት ውሃ ብቻ ጠጥታ ሄደች አሉ። ውሃሽ ይጣፍጣል ማለት ነው።»

ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሳቁ። ሸሪፋ እንስራዋን አስቀመጠች።

«የጠማው ሰው ይጠጣል። ምን ይገርማል።»

«እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። የሰውን ልጅ ወጣት የምታደርግ ሴት፣ ራሷ እንደ አሮጌ አቁማዳ ስትሸበሸብ። ለሰው የሰጠሽውን ለራስሽ ምነው ነፈግሽው?»

«ያንቺ ጃንጥላ ፀሐይ ፈርቶ ነው ወይስ ዝናብ? ዝናብ ካገኘሽማ ፊትሽ ቀሚስሽ ላይ ነው የሚገኘው።»

አሁን ደግሞ ሴቶቹ ለሸሪፋ ሳቁ። ከሪማ አልሳቀችም። ጃንጥላዋን አጠፈች።

«ዝናብ አልፈራም። የምፈራው የወይባ ጭነት ነው። አንድ ወንድም ነበረኝ፤ ለሌላ ሰው ገላ ማሞቂያ ብሎ ሞተ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የደጋኗ ዘሀራ ልጇን ልትድር ነው፤ ሰምተሻል። የዛሬ ወር ደሴ ትመጣለች። ቅባቴን አይታዋለች፤ ወዳዋለች። ያንቺን ፊት ደግሞ እኔ ራሴ ይዣት መጥቼ አሳያታለሁ። ወላሂ አሳያታለሁ።»

ዘሀራ ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ደጋን ላይ ልጅ የሚዳረው እሷ ከዳረች በኋላ እሷ እንዳደረገችው ነው። እሷ «ሸሪፋ ዘንድ» ካለች የቆላው ሙሽራ ሁሉ ሆጤ ይወጣል። እሷ ውሃ ጠጥታ ከሄደች ግን ጉድጓዱ ይደፈናል። ያኔ ለሸሪፋ የሚቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ኮምቦልቻ ወርዳ እንደ ሌሎቹ ሴቶች ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ መሸከም። ያ ሥራ እንጀራ ይሰጣል፤ ዓይኗ ጠፍቶ ቤት የተቀመጠችውን አክስቷን ረሂማን ግን ማን ይጠብቃት?

ሸሪፋ ያን ጊዜ ያደረገችው በወይባ ቤት ያደገ ሰው ብቻ የሚያደርገውን ነው። ወይባ አሮጌ ቆዳ ያነሣል፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ በዓይኗ አይታለች። የሙሽሮችን ገላ ካደሰ የእሷን ፊት የማያድስበት ምን ምክንያት አለ? በሯን ዘጋች። ቅቤውን ፊቷ ላይ አወፈረችው፤ ቡሉኮውን ከራሷ በላይ ተከናነበችና ያለ እርጥቡ ጨርቅ ፊቷን ከእሳቱ አፍ ላይ ደፍታ ተቀመጠች። ጧት አንድ ጊዜ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ። ስድስት ቀን እንዲህ አደረገች።

በሰባተኛው ቀን ቆዳዋ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ለመብላት አፏን ስትከፍት ከከንፈሯ ዳር ተሰነጠቀ። የተነሣው ቆዳ እንደ ሙሽሮቹ ልጣጭ አልነበረም፤ እንደ ሰኔ መሬት ነበር። መስታወቱን ብታወጣ፣ ሦስት የነበሩት መስመሮች አራት ሆነው ጠበቋት።

ረሂማ ከመደቧ ላይ ሆና አፍንጫዋን ታሸት ነበር። «ስድስት ቀን ሙሉ ቅቤ ያርራል። ሙሽራ የለ፣ ምን ስታቃጥዪ ነው የሰነበትሽው?»

«ፊቴን ነው።»

አሮጊቷ ሳቀች። የደረቀ ሳቅ ነበር። «እኔን ዕውር ናት እያልሽ ታወሪያለሽ፤ አንቺ ብሰሻል። ፊት ወይባ ይገባል? ለሙሽሮቹ እርጥብ ጨርቅ አደርግላቸው የነበረው ለጌጥ መሰለሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ይንገሩኛ።»

«ሂጂና ተልባ ዘፍዝፊ። መፍጨት የለም፤ እንዳለ ውሃ ውስጥ ይደር። ሲሙለጨለጭ አጥልይውና ተቀቢው። አሁን ደግሞ ከፊቴ ወግ በይልኝ፤ የተቃጠለ ቅቤ ትሸቺያለሽ።»

ሸሪፋ እንደተባለችው አደረገች። በማግስቱ የተልባውን ሙልጭልጭ ውሃ በጣቷ እያነሣች ፊቷን ቀባች። መጀመሪያ ግራውን፣ ቀጥሎ ቀኙን። ቀኙን ጨርሳ ሳታበቃ ደርቆ ጠበቃት። ደገመችው፤ ደረቀ። ሠለሰችው። ግራው ግን የመጀመሪያው ቅባት እንዳለ ነበር፤ ያንጸባርቃል። ጣቷን በሁለቱም ላይ አስኬደችው። የሁለት ሴቶች ፊት መሰላት። መስታወቱን አምጥታ፣ እስከዚያ ቀን ልብ ብላ አይታው የማታውቀውን ግራ ፊቷን አየች። ከዓይኗ ጥግ አንዲት ቀጭን መስመር ነበረች፤ እሷም ስትስቅ ካልሆነ የማትታይ።

ተነሥታ ወደ መደቡ ሄደች። ሳታስፈቅድ ሁለት እጇን በአክስቷ ፊት ላይ አደረገች።

«እጅሽን አንሺ» አለች ረሂማ።

ሸሪፋ አላነሣችም። ይህን ፊት ለዓመታት ስታጥበው በአንድ እጇ ጠረግ አድርጋ ነበር፤ ሁለቱን ጉንጭ በአንድ ጊዜ ይዛ አታውቅም። ቀኙ የግራር ቅርፊት ነው። ግራው የአሮጊት ፊት ነው፤ አርጅቷል፣ ግን ለስላሳ ነው።

«አክስቴ፣ መጀመሪያ የጠፋው የትኛው ዓይንዎ ነው?»

«ቀኙ። ግራው ሁለት ዓመት ቆየ። ምን ታደርጊበታለሽ?»

«እሳቱ ነው። በግድግዳው በኩል ያለው ፊቴ ደህና ነው። የእርስዎም እንዲሁ ነው። ሲነፉ የኖሩት በቀኝዎ ነው፣ እኔም በቀኜ።»

ረሂማን የሰማችው አላስገረማትም። ሸሪፋ እጇን ከፊቷ ላይ አነሣች፤ ገባት።

«ያውቁ ነበር።»

«እናቴም ቀኝ ፊቷ እንዲህ ነበር» አለች ረሂማ። «እያየሁት ነው ያደግሁት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትነፊልኝ ነበር?»

ሸሪፋ ሦስት ቀን አላናገረቻትም። ምግቧን ታቀርባለች፣ ውሃዋን ታቀርባለች፣ ለሶላቷ ታስታጥባታለች። በአራተኛው ቀን ረሂማ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ «የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ የኔ ዓይን ደግሞ መጥፋት ጀምሮ ነበር» አለች። ይቅርታ መጠየቋ ከሆነ እንደዚያ ብላ ነው የጠየቀችው። ሸሪፋ የተበላበትን ሳህን አንሥታ ወጣች።

ዘሀራ እስክትመጣ የቀረው ሃያ ቀን ያህል ነበር። ሸሪፋ ለሙሽራ የምታውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ ለራሷ አደረገችው፤ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ማድረግ በሐሳቧም መጥቶ አያውቅም። ሁለት የሠፈር ሴቶች ገላቸውን ሊሞቁ ሲመጡ እሳቱን በአፏ አልነፋችም፤ እጀታው የረዘመ የሰሌን ማራገቢያ ሠራች፤ ፊቷን ደግሞ ዓይኗ ብቻ ሲቀር በእርጥብ ነጠላ ጠቀለለች። ሴቶቹ «ሸሪፋ፣ ከማን ነው የምትደበቂው?» እያሉ ሳቁባት። ለእንጨት ስትወርድ ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ ኮምቦልቻ ስትደርስ ፀሐይ እስኪበርድ ዛፍ ጥላ ሥር ትቀመጥና በአሥር ሰዓት ዳገቱን ትጀምራለች። በእንዶድ ፊቷን መታጠብ ተወች፤ በለብታ ውሃ ብቻ ሆነ። ቅቤውን ሰባት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበውና እርጥብ ፊቷ ላይ ስስ አድርጋ ትቀባዋለች፤ ጧት ተልባ፣ ማታ ቅቤ። ዓይኗን ማጨንቆር ራሷን አስጣለች፤ ከሁሉ ይህ ከበዳት፤ ሃያ ዓመት የተጨነቆረ ዓይን ሳታዝዘው ይጨነቆራል።

ልጣጩ ጠፋ። ስንጥቁ ገጠመ። ቀጫጭኖቹ መስመሮች ተኙ። ጥልቆቹ አራቱ ግን አልተነቃነቁም፤ ቀኝ ዓይኗ ሥር እንደ ጓሮ ቦይ ተኝተው ቀሩ።

ጎረቤቷ ቀለሙ ምክር ሰጠቻት። «ነጠላሽን በቀኝ በኩል ጣል አድርጊው። ወደ ዘሀራ ስትወጪ ግራሽን ስጫት፤ አገጭሽን ስትይዝ አንገቴን ወግቶኛል በያት።» ሸሪፋ በመስታወቱ ፊት ሞከረችው። ያምራል። የሃያ ዓመት ሴት ትመስላለች። ግን ከሪማ ከዘሀራ ጎን እንደምትቆም አሰበች፤ ነጠላውን ለመግፈፍ እጇ እንደማይሰንፍም ታውቅ ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ዘሀራ ወፍራም፣ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። ልጅቷ ከኋላዋ ተሸፋፍና ቆማለች። ከሪማ ጃንጥላዋን ለዘሀራ ይዛላታለች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እናንተ ቤቶች» አለች ዘሀራ። «እስቲ ወጣ በይ የኔ እመቤት።»

ሸሪፋ ወጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። አገጯ እስኪያዝ አልጠበቀችም፤ ቀኝ ፊቷን ለፀሐዩ ሰጠችና ቆመች።

ዘሀራ አየች። ፊቷ ተቀየረ። «ምነው ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«አላልኩዎትም?» አለች ከሪማ። «ልጅዎን ለዚህ ሊሰጡ ነበር። ይዩት፣ ቅርብ ሆነው ይዩት። ይህ የወይባ ሥራ ነው።»

«የእሳት ሥራ ነው እንጂ የወይባ አይደለም» አለች ሸሪፋ። ቀስ ብላ ዞረች። «ይሄኛውንም ይዩልኝ። ይዳስሱኝ።»

ዘሀራ የእጇን ጀርባ ግራ ጉንጯ ላይ አደረገች። ቀጥሎ ቀኝ ጉንጯ ላይ። እንደገና ግራው ላይ።

«ይህ የአንድ ሰው ፊት ነው?»

«የአንድ ሰው ነው እማማ። ይሄኛው ወደ ግድግዳው ነበር፤ ይሄኛው ወደ እሳቱ። ሃያ ዓመት በዚህ በኩል ነፋሁ። ሙሽሮቼን እርጥብ ጨርቅ አለበስኳቸው፤ ራሴን አላለበስኩም። የቀረውን ደግሞ የኮምቦልቻ ፀሐይ ሠራው። አክስቴም እንዲሁ ናት፤ ካላመኑኝ ገብተው ፊቷን ይያዙ።»

ከውስጥ የረሂማ ድምፅ መጣ። «እኔን የሚይዝ የለም። ልትዳር የመጣችው ልጅቷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።»

ዘሀራ ሳቅ ቢጤ አመለጣት። ከሪማ ግን ፊቷ እንደ ተለቀለቀ ግድግዳ ነበር። «ተረት ነው» አለች። «ፊቷ ያረጀ ሴት ተረት አታጣም።»

ዘሀራ ወደ እሷ ዞረች። «መልካም። ወግ ወግ ነው ከሪማ። አንቺም ልጄን ልትቀቢልኝ ነው፤ ያንቺንም ማየት አለብኝ። ያ ቅባት ይነሣና ልይሽ። ሸሪፋ፣ ውሃ አምጪላት።»

ሸሪፋ ጣሳውን አመጣች። ከሪማ ጣሳውን አየች፤ ከዚያ በተከፈተው በር ውስጥ ጥግ ላይ ያለውን ጉድጓድ አየች። ለአፍታ የምትታጠብ መሰለ። እጇ ተነሥቶ ነበር።

«ጀላልን በበላ ጉድጓድ ደጃፍ ቆሜ ፊቴን አልታጠብም» አለች።

ጃንጥላውን ዘሀራ እጅ ውስጥ አስቀመጠችና ያለ ጥላ፣ በጠራራው፣ ቁልቁለቱን ወረደች።

ዘሀራ ጃንጥላውን ይዛ ትንሽ ቆማ ቆየች። «ክፉ ሴት አይደለችም» አለች፣ ለራሷ ያህል። ከዚያ ወደ ሸሪፋ፣ «የልጄን ፊት ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ምንም አላደርገውም። ከእሳቱ አርቀዋለሁ፣ ከፀሐይ እሰውረዋለሁ፣ እርጥቡን አላስደርቀውም። ሌላ ምሥጢር የለኝም እማማ።»

ዘሀራ ወደ ውስጥ ገባችና ተቀመጠች። ውሃ አልጠየቀችም።

ልጅቷ ሰባቱን ቀን ሞቀች። በሠርጓ ቀን ደጋን የተሰበሰቡት ሴቶች ያዩትን አይተው ሲመለሱ፣ የቆላው ሙሽራ ወደ ሆጤ መውጣት ጀመረ። ጉድጓዱ አልተደፈነም። ሸሪፋ ከዚያ በኋላ ለሥራ ያስገባቻቸው ሴቶች ሁሉ ማራገቢያውንና እርጥቡን ነጠላ ሳይዙ እሳቱ አጠገብ እንዲንበረከኩ አልፈቀደችም፤ ምክንያቱንም በመጀመሪያው ቀን ትነግራቸው ነበር። ነግራቸው የሄዱባትም ነበሩ። ረሂማ እስክትሞት ድረስ በሁለቱ መካከል የሚነገረው የሚያስፈልገው ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሸሪፋ ከሪማን አንድ ጊዜ ብቻ አገኘቻት። የዘሀራ ልጅ ከተዳረች ሁለት ወር ሆኖ ነበር፤ ሸሪፋ ከኮምቦልቻ ሸክሟን ይዛ ትወጣለች፤ ሠርግ በዝቶባት የፀሐዩን መብረድ አልጠበቀችም። ፊቷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ነጠላውን ከወንዙ ነክራ ነበር። ከሪማ የታጠበ ልብስ በራሷ ላይ ተሸክማ ትወርዳለች። ጃንጥላ አልያዘችም፤ ፊቷ ላይም ምንም አልነበረም። እንደ ጀላል ጠይም ነበረች፤ ዓይኗ ሥርም እንደ ጀላል ሁለት መስመር ነበራት። ተላልፈው ሊሄዱ ነበር፤ ከሪማ ቆመች።

«አሁንስ ጨርሰሽ ደበቅሽው?»

«አልደበቅሁትም» አለች ሸሪፋ ከነጠላው ውስጥ። «የቀረኝን እየጠበቅሁ ነው።»

ከሪማ በሸሪፋ ጀርባ ላይ ያለውን እንጨት አየችው። አየችውና ልብሱን በራሷ ላይ አስተካከለች።

«ወንድሜንም እንዲህ ጠብቀሽው ቢሆን ምን ነበረበት» አለች።

ብላም መንገዷን ወረደች። ሸሪፋ ከሸክሟ ጋር እንደቆመች ቆየች። አንድ ካሚዮን አልፎ አቧራውን አለበሳት። ነጠላው ፊቷ ላይ ደርቆ ነበር፤ የሚቀጥለው ውሃ ያለው ዳገቱ አጋማሽ ላይ ነው። ፀሐዩ በቀኟ በኩል ነበር። ነጠላውን በዚያ በኩል ሳብ አድርጋ መውጣቷን ቀጠለች።